የተጎዱ ሕፃናትን ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች ስለሚሰጥ ሥልጠና

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት፣ በጦርነት፣ በመፈናቀል፣ በረኀብ ወይም በገዛ ቤታቸው በደረሰባቸው ግፍ ሥነ ልቡናቸው የተጎዳ ሕፃናትን የሚያገለግል ባለሙያ እንዴት መሠልጠን እንዳለበት የሚመለከት ነው። አርእስቱ ሰፊ፣ ጊዜው አጭር ስለ ሆነ ባንድ ነጥብ ላይ ብቻ እንድቆም ይፈቀድልኝ። ይኸውም፣ ሥልጠና በአዳራሽ ተጀምሮ በአዳራሽ የሚያልቅ ትምህርት ነውን? ወይስ ሠራተኛውን እስከ ሥራው ቦታ ድረስ ተከትሎት የሚሄድ ነገር? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ከዕለት ሥራችን የመጣ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል የተጀመረው ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሲቆይ፣ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች እጅግ ብዙ ሕፃናት ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ትምህርታቸው ተቋርጧል፤ ወላጆቻቸውን ያጡም አሉ። እነዚህን ልጆች በየመጠለያው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው የተቀበሏቸው መምህራን፣ ነርሶች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ለሥራው የተዘጋጁት በጥቂት ቀናት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ሲያበቃ የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ አሠልጣኙ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሠልጣኙም ወደ ልጆቹ። በማግስቱ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ መናገር አቁማ ጥግ ይዛ ብትቀመጥ ግን፣ ሠልጣኙ ቀርቦ የሚያማክረው ሰው የለውም። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህንን ማግስት ነው።

ክፍተቱ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመውና በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት መሆኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደ ገና እስኪከፈት ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል። በእነዚያ ዓመታት የ1977ቱ ረኀብ ደርሷል፤ የእርስ በርስ ጦርነት ቀጥሏል፤ ወላጅ አልባ ሕፃናት በየማሳደጊያው ተሰብስበዋል። ሥራው ነበረ፤ ደግ ሠራተኛም ነበረ። የጎደለው፣ የአንዱን ሠራተኛ ልምድ ለተከታዩ የሚያስተላልፍ የሙያ ቤት ነው። ልምድ ካልተጻፈና ካልተመረመረ ከባለቤቱ ጋር ጡረታ ይወጣል።

ለመሆኑ ሠልጣኙ በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው? “ልጅ ምን ያውቃል፤ ይረሳዋል” የሚለውን አባባል መመርመር ያለበት ይመስለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ተረታችን ለሕፃንም ይሠራል፤ ልዩነቱ ሕፃኑ ትዝታውን በቃል ሳይሆን በጠባዩ መግለጡ ነው። አልጋ ማርጠብ የተወ ልጅ እንደ ገና ማርጠብ ይጀምራል። ከአሳዳጊው ቀሚስ ሥር አልላቀቅ ይላል። ያየውን ተኩስና ሽሽት በጨዋታ መልክ ደጋግሞ ይሠራዋል። በዕድሜ ከፍ ያለው ደግሞ ይቆጣል፣ ይደባደባል፣ ወይም ሐሳቡን መሰብሰብ አቅቶት ከክፍል ወደ ኋላ ይቀራል። ይህንን ያልተማረ መምህር ልጁን ባለጌ ወይም ሰነፍ ይለዋል፤ ቀጥሎም ይቀጣዋል። ስለዚህ አንድ ሰዓት የፈጀ ትክክለኛ ትምህርት ልጁን ከብዙ አለንጋ ሊያድነው ይችላል።

ከዚህ ጋር ሌላም ነገር መታወቅ አለበት። መከራ ያየ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ብዙዎቹ ሕፃናት ደኅንነት ሲያገኙ፣ የሚወዳቸው ሰው አጠገባቸው ሲሆን፣ የመማሪያ፣ የመጫወቻና የመኝታ ሰዓታቸው ሲታወቅ ቀስ በቀስ ያገግማሉ። የልዩ ባለሙያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ የወጣው የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቡና ማኅበራዊ ድጋፍ መመሪያም አገልግሎቱን በአራት እርከን ከፍሎ ያሳያል፤ ሰፊው መሠረት ደኅንነትና የኑሮ ፍላጎት ሲሆን፣ ጠባቡ ጫፍ የልዩ ሕክምና ነው። ለመምህሩና ለሐኪሙ አንድ ዓይነት ሥልጠና መስጠት እንግዲህ ለሁለቱም አይበጅም። መምህሩ ማየትን፣ ማረጋጋትንና መቼ ወደ ማን መላክ እንዳለበት ይማር፤ ሐኪሙ ሕክምናውን ይማር።

ሁለተኛው ጉዳይ መናገርንና ማዳመጥን ይመለከታል። አንድ ሰው መከራ በደረሰበት ሰሞን ያየውን ሁሉ እንዲዘረዝር ማድረግ ይፈውሰዋል የሚል እምነት በሙያችን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ኖሯል። በአንድ ጊዜ ውይይት የሚደረገው ይህ ዘዴ እንደማይጠቅም በጥናት ስለ ተረጋገጠ፣ የዓለም የጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ የሥነ ልቡና እርዳታ መመሪያ አይቀበለውም። መመሪያው የሚያስተምረው መመልከትን፣ ማዳመጥንና ከሚረዳ ወገን ጋር ማገናኘትን ነው። እኛ ግን እስከ ዛሬ አንዱን ልጅ ለጎብኚው፣ ለጋዜጠኛው፣ ለመዝጋቢውና ለአዲሱ ሠራተኛ በተራ ታሪኩን እንዲናገር ስናደርግ እንታያለን። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ልጁ ዝም ማለት ሲፈልግ ዝምታውን ማክበር፣ መናገር ሲፈልግ ደግሞ ሳይቸኩሉ መስማት በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው።

በዚህ ረገድ ከባህላችን የምንወስደው ትምህርት አለ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ዘመድ ይመካከራል፤ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ በማለዳ ተሰብስቦ ይኬዳል፤ ሐዘንተኛውም ብቻውን አይተውም። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤቱ ምግብ ያቀርባል፤ ለቅሶ ደራሹም እየተመላለሰ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ለአዋቂው ነው። ልጁን “አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል” ብለን ወደ ጎረቤት እንልከዋለን። እርሱም የሰዎቹን ፊት አይቶ እውነቱን ይጠረጥራል፤ ሐዘኑን ብቻውን ይሸከማል፤ የሚነግሩትንም ማመን ያቆማል። ሠልጣኙ ለልጅ በዕድሜው ልክ፣ ባጭር ቃል፣ በሚያምነው ሰው አፍ እውነቱ እንዴት እንደሚነገር መለማመድ አለበት። ይህንን ለማስተማር የመርዶን ሥርዓት ለሕፃኑም እንደሚገባው አድርጎ ማሰብ ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። እነዚህ ሁሉ በአዳራሽ ሊነገሩ ይችላሉ፤ ሠራተኛው በእጁ የሚያደርጋቸው ግን ሥራው ላይ ሳለ የሚያማክረው ሲኖር ነው። ለዚህ ከተለያየ ዘመን ሁለት ምሳሌዎችን አቀርባለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በለንደን ሃምፕስቴድ በተባለው ሰፈር፣ በጦርነቱ ከቤተሰባቸው ለተለዩ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። እዚያ ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ ልጃገረዶች ቀደም ያለ ሙያ አልነበራቸውም። የሥራው ደንብ ግን ማንኛውም ሠራተኛ ስለ ልጆቹ ያየውን በካርድ ላይ እንዲጽፍ ያዝዝ ነበር፤ የተጻፈውም በውይይት ይመረመር ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ የማሞቂያ ምድጃ ይጠብቅ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን ነው። ይህ ሰው በኋላ፣ ሆስፒታል የገባች የሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ስትለይ የሚደርስባትን እ.ኤ.አ. በ1952 በፊልም አሳይቶ፣ ወላጆች የታመሙ ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ ሆስፒታሎች በራቸውን እንዲከፍቱ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ሆኗል። ማሳደጊያው ከዚሁ ካርድ የተማረው ሌላም ነገር አለ። ልጆቹ በሁሉም ሞግዚቶች እጅ በተራ ሲያልፉ ይደርስባቸው የነበረውን ጉዳት በማየት፣ ጥቂት ጥቂት ልጆችን ለአንዲት ሞግዚት ሰጥቶ እንደ ቤተሰብ አደራጃቸው። በመጀመሪያ ቅናትና ለቅሶ በዛ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ልጆቹ በንግግርና በንጽሕና ፈጥነው ወደ ፊት ሄዱ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአህጉራችን ነው። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ 257 ሕፃናትን የያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ተደርጎ ነበር። ልጆቹን የረዷቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ፣ በአእምሮ ሕክምና ያልተመረቁ አማካሪዎች ነበሩ። በጉዳት ላይ ያተኮረውን የምክር ዘዴ ከተማሩ በኋላ ግን ብቻቸውን አልተለቀቁም፤ በቡድን ተለማምደዋል፤ እያንዳንዱን ልጅ በሚመለከት ከአሠልጣኞቻቸው ጋር እየተገናኙ ሥራቸውን አስመርምረዋል። በዚህ አኳኋን የተረዱት ልጆች የጉዳት ምልክት 82 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ያገኙት ልጆች ምልክት የቀነሰው 21 በመቶ ያህል ነው። ዲግሪ የሌለው ሠራተኛ፣ ክትትል ካልተለየው፣ ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ እንረዳለን።

ክትትል ስል ስሕተት ፈልጎ የሚቀጣውን ቁጥጥር ማለቴ አይደለም። ሠራተኛው የቸገረውን ሳይፈራ የሚናገርበትን፣ ልምድ ያለው ባልደረባው አብሮት የሚያስብበትን የታወቀ ሰዓት ማለቴ ነው። ይህ ሰዓት ለሠራተኛው ጤናም ያስፈልጋል። የልጆችን መከራ በየቀኑ የሚሰማ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ይደክማል፤ አንዳንዴም ልቡ ይደነድናል። በተፈናቃይ መጠለያ የሚያገለግለው ባለሙያ ራሱ ተፈናቃይ የሆነበት፣ ራሱም ሐዘንተኛ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። የደነደነ ልብ ደግሞ ሕፃን ያውቀዋል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሦስት አሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አባላቶቻችን የሚሰጡት ማንኛውም ሥልጠና ቢያንስ የስድስት ወር ክትትል የተያዘለት እንዲሆን፣ ገንዘብ የሚሰጠውም ወገን ይህንን ከበጀቱ እንዲቆጥር እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የሥራ ማስታወሻ መያዝ የሙያችን ግዴታ ይሁን፤ የልጁ ስምና ምሥጢር ተጠብቆ በየወሩ በቡድን ይመርመር። ሦስተኛ፣ ወጥ ሠሪዋና ዘበኛው ከሥልጠናው አይገለሉ፤ ልጅ በሌሊት ደንግጦ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያገኘው ዘበኛውን ነውና።

እነዚህን አሳቦች ለመፈጸም አዲስ ሕንፃ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሊቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ከእኛ መካከል አሥር፣ ሃያ ዓመት የሠሩ አሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት ወጣት ሠራተኞችን ተቀብለው በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሰጧቸው፣ ያቺ ጥግ ይዛ የተቀመጠች ልጅ ዘንድ የሚሄደው ሠራተኛ ብቻውን አይሆንም።