ቤት የተማረው ልጃችን ክፍል ሲገባ

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወጋችሁ ትንሽ ስለሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ቤቶችን ስላስጨነቀ ጉዳይ ነው። ፊደሉን ከእናቱ፣ አሊፍ ባ ታውን ከአባቱ ቤት ውስጥ የተማረ ሕፃን አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ስድሳ ልጅ የተቀመጠበት ክፍል ሲገባ ምን ይገጥመዋል? እኛ ወላጆችስ አስቀድመን ምን ልናዘጋጅለት ይገባን ነበር?

እኛ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ልጅን ቤት ማስተማር በእኛ አካባቢ በምርጫ የመጣ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቻችን ቤት ዋሉ። ያ አልፎ በቅጡ ሳንረጋጋ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ክፍት የነበሩትም አንድ ሳምንት አስተምረው ሌላውን ሳምንት ዝም የሚሉበት ጊዜ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተገልጾ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ እናት መምህር ሆነች፤ የማድ ቤቱ በር ሰሌዳ፣ ከሰሉ ደግሞ ጠመኔ ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ ልጆች በዚያ በር ላይ ማንበብ ለምደዋል።

የእኛም ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከነሰባት ሰባት ቤቱ በስድስት ዓመቱ ለይቶ ጨረሰ። ቃዒዳውን አልፎ ጁዝ ዐማ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰባት ሲሞላው አንደኛ ክፍል ስናስመዘግበው የእኛ ሥራ ያለቀ መስሎን ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራትም ነበረብን።

በሦስተኛው ቀን ሱሪው ረጥቦ መጣ።

ነገሩን ቀስ ብለን ስንጠይቀው እንዲህ ሆነ። በእረፍት ሰዓት ወደ መጸዳጃው ሄዷል፤ ውኃ ግን አላገኘም። ያለ ውኃ መጸዳዳት ነውር መሆኑን ቤቱ ያስተማርነው እኛው ነን፤ ስለዚህ ይዞት ተመለሰ። ክፍል ከገባ በኋላ ሲጨንቀው ደግሞ እንዴት ብሎ ፈቃድ እንደሚጠይቅ አያውቅም። ቤት ውስጥ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ተነስቶ መሄድ ብቻ ነው። ልጆቹ ሳቁበት። በማግስቱ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብሎ ጋቢያችን ውስጥ ተሸጎጠ።

ያኔ ነው ቁጭ ብለን የተነጋገርነው። ልጃችን የጎደለው ፊደል አልነበረም። የጎደለው አንድን መምህር ከስድሳ ልጅ ጋር ተካፍሎ መማር ነው።

ይህን እስቲ እናስተውለው። ቤት ውስጥ ልጁ ሲጠይቅ እናቱ እዚያው ትመልስለታለች፤ ሽንኩርት እየከተፈችም ቢሆን። ቁርኣን ሲቀራም ቢሆን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ በራሱ ፍጥነት ይዘልቃል፤ ኡስታዙ ተራ በተራ ያዳምጣል። የፈጠነ ያልፋል፣ የዘገየ ይደግማል። ክፍል ውስጥ ግን ደርሱ አንድ ነው። ያወቀም ያላወቀም ዝም ብሎ ይጠብቃል። የእኛ ልጅ መምህሯ ገና ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልሱን ይጮኽ ነበር። «ዝም በል፣ እጅህን አውጣ» ሲባል አጠፋህ የተባለ መሰለው። ከዚያ በኋላ ቢያውቅም አይመልስም። መምህሯ ደግ ሴት ናቸው፤ ዓይን አፋር ነው ብለው ነበር የተረዱት። ይህ ልጅ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚለፈልፍ በየት ያውቃሉ?

ሌላም አለ። ደብተሩን የሚጀምረው ከመጨረሻው ገጽ፣ ከቀኙ ጠርዝ ነበር! ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ መጻፉን ለእኛ መንገር የሚያስፈልገው የለም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለጀመረ ሕፃን ግን ቀላል አይደለም። ሞኝነት ወይም ስንፍና እንዳይመስለን። እኛ በየገጹ የግራ ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረግንለት፤ «ከነጥቧ ተነስ» አልነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጥቧን ረሳናት፣ እሱም አላስታወሳትም። «ሀ» እና «ሐ»ን ለይቶ ሲጠራ፣ መምህሯ ሁለቱንም አንድ አድርገው ሲያነቡ «ተሳሳቱ» ብሎ መጥቶ የነገረንን ግን እስከ ዛሬ እያነሳን እንስቃለን። በዐረብኛ ድምፁ ይለያያል፣ በአማርኛ አንድ ሆኗል ብለን ነገርነው፤ ያመነን አይመስለንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቻችንን በሰባት ዓመታቸው ሶላት እንድናዛቸው አስተምረውናል። የአገራችን ትምህርት ሥርዓትም የአንደኛ ክፍል መግቢያን ሰባት ዓመት አድርጎታል። ሶላትን እንዴት ነው የምናስለምዳቸው? ከጎናችን እናቆማቸዋለን። ስንጎነበስ ይጎነበሳሉ፣ ሱጁድ ላይ ሆነው ዞር ብለው ያዩናል፣ ይሳሳታሉ፣ ነገ ደግሞ ይቆማሉ። በምክር ብቻ ሶላት የለመደ ልጅ አላየንም። ክፍል መግባትንም በምክር ብቻ ልናስለምደው ሞክረን ነበር፤ «ጎበዝ ሁን፣ አትረብሽ» ከማለት ያለፈ ነገር አላደረግንም።

ስለዚህ ከዐስር ሶላት በኋላ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበን «ትምህርት ቤት» መጫወት ጀመርን። አምስት ነበሩ፤ ሁለቱ የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጆች ናቸው። እናት መምህር ሆነች፣ ልጆቹ ሰሌን ላይ ተደረደሩ። ደንቡ አጭር ነው፤ እጁን ሳያወጣ የመለሰ ተራው ያልፈዋል። መውጣት የፈለገ «ቲቸር፣ ልውጣ?» ይላል። የእኛው ልጅ በመጀመሪያው ቀን እናቱን «ኡስታዝ» ብሏት ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ከሁሉም የከበደው ግን እጁን አውጥቶ ሳይጠራ መቅረት ነበር። እናቱ ሆን ብላ ታልፈዋለች። መጀመሪያ አለቀሰ፤ «እኔ እያወቅሁ ለምን እሱን ትጠሪዋለሽ?» ብሎ ተቆጣ። እናት ሆና ልጇን እያየች ሌላውን መጥራት ለእሷም ቀላል አልነበረም። በሳምንቱ ግን መልሱን ለራሱ በሹክሹክታ ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ሆነ።

እኛ ይህን የጀመርነው ዘግይተን፣ ልጁ ከተሳቀበት በኋላ ነው። እናንተ በክረምቱ፣ ዝናቡ ልጆቹን ቤት በሚያውልበት ጊዜ ብትጀምሩት ይሻላል። ለምዝገባ ስትሄዱም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ መጸዳጃው የት እንደሆነ በዓይኑ ይይ። ለውኃው ነገር እኛ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልተን፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስረን በቦርሳው ጎን ሻጥንለት። ቀይ ክር ያለው ለኢስቲንጃ፣ የሌለው ለመጠጥ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱሪው ረጥቦ አያውቅም።

ስለ ምግቡም እንናገር። በአገራችን ልማድ እኛም የየራሳችንን እርድ፣ ክርስቲያኖችም የየራሳቸውን እርድ ነው የምንበላው። ቤት ብቻ ያደገ ልጅ ይህን የሚያውቀው በቃል ነው፤ ጓደኛው ከምሳ ዕቃው ሲዘረጋለት ምን እንደሚል ግን አላስተማርነውም። «ሐራም ነው!» ብሎ ቢጮኽ የጎረሰውን ልጅ ያስቀይማል። «እኛ ቤት ይሄን አንበላም፣ አመሰግናለሁ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር እያስደጋገምን አስለመድነው። በእኛም በኩል ረቡዕና ዓርብ የጓደኞቹ ቤት ጾም መሆኑን አስበን ሥጋ አንቋጥርለትም። ድንች፣ ዳቦ፣ ቆሎ ከያዘ ግን ማንም ከማንም ጋር ተካፍሎ ይበላል።

ስሙንም አትርሱ። ቤት ውስጥ በቁልምጫ ብቻ የሚጠራ ልጅ በስም ጥሪ ላይ «አቤት» አይልም። ደግሞም በምዝገባው ቀን የስሙን አጻጻፍ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። አንዱ «መሐመድ»፣ አንዱ «ሙሃመድ»፣ ሌላው «ሞሐመድ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ዛሬ ትንሽ የምትመስል ፊደል ከዓመታት በኋላ በፈተናና በምስክር ወረቀት ጊዜ አባትን ከቢሮ ቢሮ ታንከራትታለች።

በር ላይ ስንለየው ደግሞ ተደብቀን አንጥፋ። «ስትጨርስ እዚችው ግንብ ሥር አለሁ» ካልነው እዚያው እንገኝ። ሲመለስም ገና ቦርሳውን ሳያወርድ «ምን ተማርክ?» እያልን አንፈትነው፤ «ከማን ጋር ተቀመጥክ?» ብንለው ብዙ ያወራል። የቁርኣን ደርሱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ወር ከመግሪብ በኋላ የቀራውን መከለስ ብቻ ይበቃዋል ብለን ነበር። አንዳንድ ወንድሞች በዚህ አልተስማሙንም፤ ደርስ ከተቋረጠ ይረሳል ይላሉ። እኛ ግን የደከመ ልጅ ሙስሐፍ ፊት ሲያንቀላፋ ማየቱን አልወደድነውም።

በመጨረሻ ስለ ትልልቆቹ። በእነዚህ ዓመታት ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ዘጠኝና ዐሥር ዓመት የሞላቸው፣ ከየገጠሩ ወደ ከተማችን ዘመድ ቤት የመጡ ልጆች አሉ። ከሰባት ዓመት ልጅ ጎን መቀመጡ ያሳፍራቸዋል፤ አንዳንዶቹም «አልገባም» ብለው ሱቅ መላላክን መርጠዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት ይዛችሁት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሂዱ። ቤት ያነበበውን ያንብብላቸው፣ ሂሳቡንም ይሥራ፤ የት እንደሚመደብ ችሎታውን አይተው እንዲነጋገሩበት ጠይቁ። ለልጁም በግልጽ ንገሩት፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነው እንጂ አንተ ሰንፈህ አይደለም በሉት። ይህን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ አፍ ያልሰማ ልጅ፣ ልጆች የሚሉትን ያምናል። ምዝገባው ሳያልፍ ተነሱ፤ ኢንሻአላህ አይመልሷችሁም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።