ከወረቀት ዝርግ ወደ ጠጣር አካል



ለጌጥ የሚሠራ የወረቀት ጠጣር አካል ውበቱ የሚወሰነው ገና ሳይቆረጥ ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው የልኬት መጽሐፍ ጠጣር አካላትን በገጽ ላይ ዘርግቶ አሳይቷል። ዛሬ ንድፉ በኮምፒውተር ይሣላል፤ ቆራጩም የሌዘር ጨረር ሆኗል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ የትኛው ጠርዝ ይቆረጥ፣ የትኛውስ ይታጠፍ?

ለአብነት ያህል፣ አሥራ ሁለት ጎነ አምስት ገጾች ያሉት አካል 30 ጠርዞች አሉት። ገጾቹ ሳይነጣጠሉ በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ እንዲዘረጉ 11 ጠርዞች ይታጠፋሉ፤ የቀሩት 19 ተቆርጠው ኋላ በሙጫ ይገናኛሉ። አካሉ በ43,380 የተለያዩ መንገዶች ሊዘረጋ ቢችልም የመጋጠሚያዎቹ ቁጥር ከቶ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሥፍራቸው ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነዳፊ መጋጠሚያውን ከተመልካች ዓይን ያርቃል፤ የመጨረሻውንም ገጽ ጣት ገብቶ ሊይዘው በሚችልበት በኩል ያስቀራል።

ጨረሩ ወረቀቱን አቃጥሎና አትንኖ ስለሚቆርጥ ከመስመሩ ላይ ጥቂት ስፋት፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር፣ ይበላል። ይህ ኢምንት ቢመስልም ምላስ በቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በሚያያዝበት ሥራ መጋጠሚያውን ያላላል፤ ስለሆነም አስቀድሞ በንድፉ ላይ ሊታሰብ ይገባል። በማጠፊያው መስመር ላይ ኃይሉ ይቀነሳል፤ ወይም መስመሩ ቆረጥ ቆረጥ ተደርጎ ይበሳል። ኃይሉ ከበዛ የነጭ ወረቀት ጠርዝ ይጠቁራል።

ሌዘር የእጅን መንቀጥቀጥ ያስቀራል፤ የሐሳብን ጉድለት ግን አያርምም፤ እንዲያውም ስሕተቱን በዚያው ጥራት ይቆርጠዋል። ስለዚህ መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት አንድ ናሙና በመቀስና በእጅ ተሠርቶ ቢፈተን፣ ከሚጠፋው ወረቀት የሚገኘው ዕውቀት ይበልጣል።