ቁልፉን በራሳችን እጅ እንያዝ
(በጅዳ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ያደረገችው ንግግር)



ስለ ድረ ገጽ ንግግር አድርጊ ስባል ፈርቼ ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ የቤት ሠራተኛ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ኮምፒውተር የምነካው የማዳምን ጠረጴዛ ስወለውል ብቻ ነው። ግን በዚችው ስልኬ የራሴን ድረ ገጽ ከፍቼ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። እንዴት እንደጀመርኩት ልንገራችሁ፤ የጀመርኩት ከጉዳት በኋላ ነው።

በፊት መካ ነበርኩ፣ አንድ ቤት አራት ዓመት ሠራሁ። ያን ጊዜ በአንድ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ ነበረኝ። ማታ ሥራ ስጨርስ እዚያ ላይ እጽፍ ነበር፤ ከብሳ እንዴት እንደሚሠራ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ያለው ዓረብኛ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛው የጽዳት ኬሚካል ከየትኛው ጋር እንደማይቀላቀል። አዲስ የመጡ ልጆች ‹‹አላህ ይስጥሽ፣ ከስንት ቁጣ አዳንሽኝ›› ይሉኝ ነበር። ከወንድሜ ጋር የምንጻጻፈውም እዚያው ነው። ሐይቅ ላይ ቤት እያሠራልኝ ስለነበር ብር በላክሁ ቁጥር ‹‹ይህን ያህል ደርሶኛል›› ብሎ ይጽፍልኛል። ደብተሬ ያ ነበር።

ኮንትራቴ አልቆ ጅዳ ሌላ ቤት ገባሁ። ሲም ካርዱ የወጣው በድሮው አሠሪዬ ስም ነበርና ተዘጋ። እኔም አልጨነቀኝም፣ አዲስ ቁጥር አወጣሁ። ከጥቂት ወር በኋላ ስልኬ ወድቆ ተሰበረ። አዲስ ገዝቼ ገጼን ልከፍት ስል ‹‹ወደ ቁጥርሽ ኮድ ልከናል›› አለኝ። ወደ የትኛው ቁጥር? ወደተዘጋው! ብጽፍ፣ ብለምን፣ መልስ የለም። የጻፍኩትም፣ የወንድሜ መልእክትም ሄደ። በኋላ በሒሳብ ስንጋጭ በባንክ የላክሁትን ከባንክ አስወጣሁ። በሰው እጅ የላክሁትን ግን በምን ላሳይ? እኔም እሱም ረስተናል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሌላ ሰው ገጽ ላይ መጻፍ እኛ አሠሪ ቤት እንደምንኖረው ነው። ክፍሉን አጽድተሽ፣ አሳምረሽ ትይዣለሽ፤ ቁልፉ ግን ያንቺ አይደለም።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ድሮ ጂኦሲቲስ የሚባል ቦታ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የግል ገጾች በነፃ የተሠሩበት። ያሁ በ1999 እ.ኤ.አ. ገዛው፣ በ2009 ዘጋው። ሰው ስንት ዓመት የጻፈው አብሮ ተዘጋ።

ለእኛ የሚቀርበው ዜና ደግሞ ይህ ነው። ጎግል በሜይ 2023 እ.ኤ.አ. አንድ ደንብ አወጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የግል አካውንት ከነኢሜይሉ፣ ከነፎቶው ሊጠፋ ይችላል። ማጥፋቱም ከዲሴምበር 2023 በፊት አይጀምርም ተባለ። ዋትሳፕም ወደ 120 ቀን ካልተከፈተ አካውንቱን ይሰርዛል። ሌላው ሰው በየቀኑ ስለሚከፍት አያስበውም። ስልኳን ማዳም የያዘችባት እህታችን ግን ሁለት ዓመት ሳታየው ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለች ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ ስልክ ባገኘች ቀን መጀመሪያ ጂሜይሏን እንድትከፍት ንገሯት።

አሁን ወደ ድረ ገጼ ልምጣ። የሠራሁት ብሎገር በሚባለው ነው፤ የጎግል ነው፣ ክፍያ የለውም፣ የሚፈልገው ጂሜይል ብቻ ነው። ስም ሰጠሁት፣ ከፈትኩት፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስለ ከብሳ ጻፍኩ። አንድ ምሽት አልፈጀም። በራስ ስም ብቻ የሚጠራ አድራሻም አለ፤ እሱ ግን በየዓመቱ ይከፈልበታል፣ ካላደስሽው ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ለጀማሪ የነፃው ይበቃል።

አማርኛውን በስልኩ ኪቦርድ ጻፉት እንጂ ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት አንዱ የጻፈው የሌላው ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ አይነበብም ነበር። ዛሬ ጅዳ የጻፍኩት ደሴም ሪያድም እንዳለ ይነበባል፣ ሰውም ፈልጎ ያገኘዋል። ፎቶ ከሆነ ግን ፍለጋ ላይ አይወጣም፣ ካርድም ይበላል። አንባቢዎቻችን ደግሞ ካርድ ቆጥበው የሚከፍቱ ናቸው።

‹‹ብሎገርስ ቢሆን የሰው ቤት አይደለም ወይ?›› ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ነው። ልዩነቱ ቅጂ መያዜ ነው። ቅንብሩ ውስጥ የጻፍሽውን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚያወርድ ቦታ አለ። በወር አንድ ቀን አወርድና አገር ቤት ላለችው እህቴ እልካለሁ። ነገ ቢዘጋ ሌላ ቦታ እከፍተዋለሁ።

አደራ የምላችሁ ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ቁልፉን በስልክ ቁጥር ላይ ብቻ አታንጠልጥሉ። ቁጥር ከአሠሪ ጋር ይሄዳል፣ ከኢቃማ ጋር ይሄዳል። ጂሜይል ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስትከፍቱ አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ሻንጣዬ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ደግሞ ‹‹ከአብሸር ነው የምንደውለው፣ የደረሰሽን ኮድ ንገሪን›› የሚል ቢመጣ ሌባ ነው፤ ዝጉበት።

ሁለተኛ፣ ሳሎንና ጓዳ ለዩ። ድረ ገጽ ሳሎን ነው፣ ማንም ገብቶ ያያል። ኢቃማ፣ ፓስፖርት፣ ኮንትራትና ደረሰኝ ጓዳ ነው የሚቀመጠው። ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፣ አንድ ቅጂም ለምታምኑት ሰው።

ሦስተኛ፣ የአሠሪን ቤትና ልጆች ፎቶ በፍጹም አታውጡ፣ ስማቸውንም አታንሱ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ገመና መጣስንና ስም ማጥፋትን እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ይቀጣል። የእኛን የስንት ዓመት ደመወዝ እንደሆነ አስሉት። እኔ የምጽፈው ስለ ሥራው ብቻ ነው።

ከወንድሜ ጋር አሁን ሰላም ነን፣ ቤቱም ጣሪያው ወጥቷል። ያ በሰው እጅ የላክሁት ብር ግን እስከ ዛሬ ልኩ አልታወቀም። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ። በሚመጣው ስብሰባ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ከድረ ገጹ በፊት ኮዶቹን ቁጭ ብለን አብረን እንጻፍ።