ለልጆቻችን ቫይታሚን እንግዛ?
(ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

የዛሬውን ርዕስ ያገኘነው ከብድር መዝገባችን ነው። መዝገቡን ስናገላብጥ «ለልጅ ቫይታሚን» ተብሎ የተወሰደ ብድር ደጋግሞ መጣብን። ልጅ ሲከሳ፣ ምግብ እንቢ ሲል፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጅ ወፍሮ ሲታይ ሽሮፕ ይገዛል። እኛም ገዝተናል፤ ማንንም ለመውቀስ አልቆምንም።

አንዲት እህታችን ፈቅዳልናለችና የእሷን እንንገራችሁ። ልጇ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት መክሳት ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሽሮፕ ገዛች፤ ሁለቱን ጊዜ ከሳጥናችን ተበድራ። ብድሩን ያጸደቅነው እኛ ነን። «እስቲ ልጁን አምጪውና እንየው» ያለች ግን ከመካከላችን አንዲትም አልነበረችም። በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን ስትለካው 11.2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከ11.5 በታች ቀዩ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ቫይታሚን ምግብ አይደለም፤ እህል፣ ቅባትና ፕሮቲን የጎደለውን ሰውነት አይሞላም። ልጁ ያገገመው በነፃ በተሰጠው የለውዝ ገንቢ ምግብና በየሳምንቱ ክትትል ነው። አሁን እዚያ ጥግ ወንበር ላይ እየተንጠላጠለ የሚረብሸን እሱ ነው።

ታዲያ ቫይታሚን አያስፈልግም ማለታችን ነው? አይደለም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በየ6 ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ መውሰድ አለበት። ዳፍንትን ይከላከላል፤ ልጁም በሽታን እንዲቋቋም ይረዳዋል። በጤና ኬላ በነፃ ይሰጣል። ከ2 ዓመት ጀምሮ የአንጀት ትላትል መድኃኒትም አብሮ አለ፤ ትል ያለበት ልጅ የበላውን ከትሉ ጋር ይካፈላል። አዮዲን ያለው ጨው ደግሞ እንቅርትን ይከላከላል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ሕፃኑን ከሰው ዓይን ፈርተን ተከናንቦ ቤት ውስጥ ከምናውለው የጠዋት ፀሐይ ይንካው፤ ቫይታሚን ዲ ከዚያ ይገኛል። ሐኪም መርምሮ ጠብታ ወይም የአይረን ሽሮፕ ካዘዘም እንደታዘዘው ይሰጥ። በግምት ግን አይሆንም፤ አይረን ሲበዛ ትንሽ ልጅን ይመርዛል፣ ቫይታሚን ኤም ሲበዛ በሰውነት ይጠራቀማል። «ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» የምንለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ከበደን ጉዳይ እንምጣ። ዶሮ ያላችሁ እህቶች አትቆጡን፤ ግን እንቁላሉን ገበያ አውጥተን በብሩ ሽሮፕ የምንገዛ ጥቂት አይደለንም። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ አላለችም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስቸግረን ድስቱ ነው። የጾም ዕቃ እንዳይነካ ብለን ለ55 ቀን ሙሉ ለልጁም እንቁላልና ወተት እናስቀራለን፤ ገና ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ከእኛው ሽሮ ጋር ይከርማል። እንቁላል የሚረክሰውም በዚሁ በጾም ወቅት መሆኑ ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

ባለፈው ዓመት አምስት ሆነን አንድ ነገር ሞከርን። ለልጅ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለየን፤ ከጾም ዕቃ ጋር አትታጠብም፣ አትደረደርም። አማቶቻችን መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ የንስሐ አባት ሲጠየቁ ግን ፈቀዱ፣ ነገሩም በዚያው ተቋጨ። ልጁ በቀን አንድ እንቁላል ወይም ከገንፎው ጋር ወተት አገኘ። እንቁላል በጠፋበት ቀን ምስርና ጎመን ከዘይት ጋር ፈጭተን፣ ሎሚ ጠብ አድርገን ሰጠን፤ ሎሚው በምግቡ ያለውን አይረን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ከምግብ ጋር ሻይ መስጠት ግን አቁመናል፤ ይከለክለዋልና።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ አቅርበናል። ከማኅበራዊ መዋጮው ከ5 ዓመት በታች ልጅ ላላት አባል ሁሉ አንድ ትንሽ ድስት ይገዛ። ለቫይታሚን ብድር የምትጠይቅ እህትም ከገንዘቡ በፊት ልጇን ታስለካ፤ ቀይ ወይም ቢጫ ላይ ከሆነ ከመካከላችን አንዷ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራት ትሂድ።

የክንድ መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆየናለች። ልጅ የያዛችሁ ቡናው ሳይፈላ ኑ።