ፌስታል ውስጥ የከረመ ቆዳ

አንደኛ አቅራቢ፦ ባለፈው መስከረም የእናቴን የቆዳ ቦርሳ ከቁም ሳጥን ሳወጣው፣ ገበሩ ድረስ ነጭ ሻጋታ ወርሶታል። ሰኔ ላይ በፌስታል ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። በጣም አዘንኩ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አይዞሽ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ፌስታል አቧራ ይከላከላል፤ እርጥበቱን ግን አፍኖ ይይዛል። የአዲስ አበባን ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሻጋታ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ እርጥብና አየር የማይዘዋወርበት ቦታ። የታጠበ የትራስ ጨርቅ ይበቃ ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ ቦት ጫማስ? በተለይ ረጅሙ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እሱ የሚጎዳው አንገቱ ነው። ተጣጥፎ ከከረመ ቁርጭምጭሚቱ ጋ መስመር ያወጣል፤ ቆይቶ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። እስከ አፉ ድረስ ወረቀት መጠቅጠቅ ነው። ገበሩ ነጣ ያለ ከሆነ ግን ጋዜጣ አልመክርም፣ ቀለሙ ይለቃል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ዝናብ የመታውን ከሰል ዳር የሚያደርቁም አሉ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ኧረ በፍጹም! እሳቱ የቆዳውን ወዝ ይጨርሰዋል። ጭቃው ተጠርጎ፣ ጥላ ሥር ነፋስ እየነካው ይድረቅ። ከዚያ ቅባት በስሱ።

አንደኛ አቅራቢ፦ ቦርሳ ማንጠልጠልስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ማንገቻው ይለጠጣል። መደርደሪያ ላይ ቁጭ ይበል።

አንደኛ አቅራቢ፦ የእናቴን ቦርሳ ደጅ አውጥቼ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት። ነጩ ለቀቀ፣ ሽታው ግን እስካሁን አለ። አድማጮቻችን፣ ዛሬውኑ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ፤ ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ ቆዳ ካለ አውጡት።