ሐዲዱ የተነሣበት መንገድ

ጥር ላይ የሰሜን ቨርጂኒያ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ሲቆሙ፣ በሞቃቱ ወራት በቅጠል ተሸፍኖ የከረመው የድሮ ባቡር መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን ይባላል፤ ከአርሊንግተን ተነሥቶ እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ይዘልቃል።

መስመሩ የላውደን አውራጃ ገበሬዎችን ወተት ወደ ከተማ ሲያደርስ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቀለ። ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ከመነሻው አይርቁም።

በብርድ በእግሩ የሚጓዝ ሰው መስመሩን የዘረጉትን ሠራተኞች ልፋት ከቅርብ ያያል። የእንፋሎት ባቡር ዳገት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ኮረብታው ተቆርጧል፣ ጎድጓዳው በአፈር ተሞልቷል፣ መታጠፊያውም ሰፋ ብሎ ወጥቷል። ሳሩ ሲደርቅ የተደለደለው አፈር ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይለያል። ክላርክስ ጋፕ በተባለው ቦታ ደግሞ መንገዱ በድንጋይ ቅስት ሥር ያልፋል። እዚያ ቆም ብሎ፣ ቀና ብሎ ድንጋዩ ከድንጋይ እንዴት እንደተደጋገፈ ማየት ያስደስታል፤ በብስክሌት የሚከንፍ ሰው ይህን አያገኝም።

ሄርንደን ከተማ፣ 20ኛው ማይል አካባቢ፣ አሮጌው ጣቢያ አሁንም ቆሟል። ዛሬ የከተማው ታሪክ ሙዚየም ነው። በዚህ ወቅት ማልዶ የሚነሣ መንገደኛ በረዶው ሳይቀልጥ በመንገዱ ላይ ያሉትን ድልድዮች በቀስታ ይሻገር፤ ከሥራቸው ንፋስ ስለሚያልፍ ቀድመው የሚያንሸራትቱት እነሱ ናቸው።