ስለ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ መኪና ጄነሬተር፤ አመራረጡና አያያዙ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በሌላው ዓለም ቢሆን ኖሮ ከመዝናናት ጋር የተያያዘ በሆነ ነበር። በሰሜን አሜሪካ መኝታና ማድ ቤት ባለው ትልቅ መኪና ለሽርሽር የሚወጣ ቤተሰብ በመኪናው ጐን አነስተኛ ጄነሬተር ይጭናል፤ ሞተሩ አልነሣ ያለ ዕለት የሚጐድልበትም ቡና ማፍያውና ቴሌቪዥኑ ነው። በእኛ አገር ግን ይህን የመሰለ መኪና የሚደራጀው በአብዛኛው ለሥራ ነው። ወደ አርብቶ አደሩ ቀዬ የሚዘልቅ የሕክምና ቡድን ክትባቱን፣ የመሣሪያ መቀቀያውንና መኝታውን በመኪና ተሸክሞ ይሄዳል። የእርሱ ሞተር አልነሣ ያለ ዕለት የሚጐድለው የሕፃናት ክትባት ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ እንዳለበት፣ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ብቻ ሳይሆን አንዳንዱ ዓይነት በረዶ ሲሆንም እንደሚበላሽ ታውቃላችሁ።

ጉዳዩን ከራሴ ስሕተት ብጀምር ይሻላል። በ2009 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ መኪና ሲያደራጅ የኤሌክትሪኩን ክፍል እኔ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። መብራቱና ኮምፒዩተሩ 250 ዋት፣ የክትባት ማቀዝቀዣው 150 ዋት፣ መቀቀያው 1,500 ዋት፣ የአየር ማቀዝቀዣው 1,200 ዋት ይወስዱ ነበር። ድምሩ 3,100 ዋት ስለሆነ ባለ 5 ኪሎዋት የናፍጣ ጄነሬተር ይበቃል ብዬ አዘዝሁ። አዲስ አበባ ላይ ሁሉንም በአንድነት ከፍተን ስንሞክረው ግን ሞተሩ አጓርቶ ታፈነና ጠፋ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር «አንሷል» አልሁና በባለ 10 ኪሎዋት አስለወጥሁት።

ሞተሩ የታፈነበት ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው የመነሻ ኃይል ነው። መጭመቂያ ያለው ማቀዝቀዣ ሲነሣ ለአንድ አፍታ ከሚሠራበት ኃይል ሦስት ወይም አራት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የእኛ የአየር ማቀዝቀዣ ሲነሣ 3,600 ዋት ያህል ይስብ ስለነበር፣ ሌላው ሁሉ እየሠራ እርሱ ሲነሣ ጭነቱ 5,500 ዋት ይደርሳል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በመለያው ላይ 5 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 3.6 ኪሎዋት ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ሲወጣ ደግሞ ሲሶውን ትቶት ይወጣል። መለያውን የጻፈው ሰው ፋብሪካው ከባሕር ወለል ብዙም ያልራቀ ነውና እኛን አስቦ አልጻፈውም።

ነገር ግን በደጋ የአየር ማቀዝቀዣ ማን ይከፍታል? ይህን ጥያቄ በጊዜው ብጠይቅ ኖሮ መኪናውን ከብዙ ጣጣ ባዳንሁት ነበር። በደጋ የሚያስፈልገው መቀቀያው፣ መብራቱና የክትባት ማቀዝቀዣው ነው፤ የማቀዝቀዣው መነሻ 600 ዋት ቢሆን እንኳ ድምሩ 2,350 ዋት ነው። በአፋር ቆላ የአየር ማቀዝቀዣው ይከፈታል፤ በዚያ ግን ሞተሩ ኃይሉን መልሶ ያገኛል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ5 ዲግሪው አንድ በመቶ ያህል ቢቀንስበትም፣ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ 5 ኪሎዋቱ 4.6 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። መቀቀያው በዚያን ሰዓት እንዲያርፍ ከተደረገ ከፍተኛው ጭነት 4,000 ዋት ብቻ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው መጀመሪያ ቢነሣ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። መጭመቂያው በራሱ ፈቃድ እየቆመ የሚነሣ ነውና ሠራተኛው ያወጣለትን ተራ አይጠብቅም። ይልቅ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይከፈቱ የሚከለክል መቀያየሪያ ማብሪያ ቢደረግ ነገሩ ያልቃል።

ባለ 10 ኪሎዋቱ ምን አደረገ? ክብደቱ ባሌስትራውን ከመጫኑ በላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለ150 ዋት ማቀዝቀዣ ሲል ይዞር ነበር። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ጊዜ ሲሠራ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለውም ከጥላሸት ጋር እየተቀላቀለ በጭስ ማውጫው ይወርዳል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከማርሚታው ጥቁር ዘይት መሰል ነገር ይንጠባጠብ ጀመር።

ከሁሉ የከፋው ግን በአንድ ሌሊት የደረሰው ነው። መኪናው ከቆላ ሲመለስ በደጋ አደረ። ብርድ ስለነበር መስኮቱም በሩም ተዘጋ፤ ጄነሬተሩ ለክትባቱ ሲባል ይሠራል። የጭስ ማውጫውን ለአሠራር ይቀለኛል ብዬ በጐን በኩል ከመኝታው ክፍል መስኮት ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሾፌሩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱን እየፈለጠው ነቃ፤ ብርድ መትቶኝ ነው ብሎ ሊተኛ ሲል ነርሷን ቢጠራት አልመለሰችለትም። በሩን ከፍቶ ጐትቶ አወጣት። ሆስፒታል ገብታ ዳነች።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ከኦክስጅን ሁለት መቶ እጥፍ በሚበልጥ ጥንካሬ ይያያዛል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ያወጣል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጭነት አጥቶ በደንብ ሳያቃጥል ሌሊቱን ሲዞር ያደረ ሞተር ነበር፤ ስሕተቶቼም በአንድ ሌሊት ተገናኙ። ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ሰው በብርድ፣ በምግብ ወይም በመንገድ ድካም ያመካኛል። ስለሆነም ጭስ ማውጫው ከመኪናው ጫፍ አልፎ እንዲወጣ፣ መኪናው ሲቆም ነፋሱ ጭሱን ከበሩ የሚያርቅበት አቅጣጫ እንዲመረጥ፣ ሁለት መኪና ጐን ለጐን እንዳይቆም፣ በመኝታው ክፍልም የጋዙን መኖር በጩኸት የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲሰቀል ያስፈልጋል። ሰው ተኝቶ ሳለ ግን ከናካቴው ባይሠራ ይመረጣል።

ይህ ደግሞ የሚቻል ነው። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን በግማሽ ጊዜ ብቻ ስለሚነሣ በአሥር ሰዓት የሚፈጀው 750 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ባለ 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ፣ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት፣ 1,200 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውንም ይችላል። ባትሪው መኪናው ሲጓዝ በራሱ ዲናሞ፣ ሲቆም በጣሪያው ላይ ባለው የፀሐይ ሰሌዳ ይሞላል።

ስለ ነዳጁ ባጭሩ ልናገር። መኪናው በናፍጣ ከሄደ ጄነሬተሩም ናፍጣ ይሁን፤ ቤንዚን በጀሪካን መሸከም አያስፈልግም። ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ሞተር በደጋ ነዳጁ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል። ለደጋ ሲባል ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ በጠባብ ከተለወጠ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ቆላ ሲወርድ ነዳጁ አንሶት ከመጠን በላይ ይሞቃል። በእርዳታ የሚመጣውን የአሜሪካ መኪና ስትቀበሉም መለያውን እዩ፤ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ከሆነ የእኛን የ220 ቮልትና የ50 ኸርዝ ዕቃ አይነዳም።

የመብራት ኃይል መስመርና ጄነሬተሩ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ መቀየሪያ ይደረግ። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መጠበቂያም አይቅር፤ ባልቦላ ሽቦን እንጂ ሰውን አያድንም።

አያያዙን በሚመለከት፣ ሾፌሮቻችን ዘይት መለወጥን በኪሎሜትር ስለሚቈጥሩ የቆመ ሞተር የደከመ አይመስላቸውም። እኔ የምነግራቸው 100 ሰዓት መሥራት በሰዓት 50 እየነዱ 5,000 ኪሎሜትር እንደ መሄድ ነው ብዬ ነው። የሰዓት ቈጣሪው በየዕለቱ ይመዝገብ፤ በአፋር አቧራ ግን የአየር ፊልትሮው ሰዓት አይጠብቅም፤ በየማለዳው ይከፈትና ይታይ።

ያን መኪና ኋላ መልሰን ባለ 5 ኪሎዋት ጫንበት፤ ጭስ ማውጫውንም ወደ ኋላ አዞርነው። የአዲሱን አሠራር ንድፍ ይዤው መጥቻለሁ፤ ማየት የሚፈልግ በሻይ ዕረፍቱ ሰዓት ያገኘኛል።